ደመራው የሚለኮስበት ሰዓት

የገና በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች የሆቴሎችና የሱቆች ደጃፍ በባለቀለም አምፖሎች መድመቁ የተለመደ ሲሆን፣ ከእነዚህ መብራቶች አንዳንዶቹ የሚታዘዙት በሽቦ አልባ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መቆጣጠሪያ የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ አምፖሎችን የሚያበራ፣ የሚያጠፋና ቀለማቸውን የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በግቢው በርና በጣሪያው ጠርዝ ተራርቀው የተሰቀሉ መብራቶች፣ በመካከላቸው የመልእክት ገመድ ሳይዘረጋ፣ በአንድ ቅጽበት እንዲበሩና እንዲጠፉ ያደርጋል። በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የገና ዛፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1882 ኒው ዮርክ ውስጥ የታየ ሲሆን፣ ባለቤቱም የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን ነበር። ዛፉ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች ተሰቅለውበት በዝግታ እየዞረ አምፖሎቹ በተራ ይበሩና ይጠፉበት ስለነበር፣ መብራትን በተራ የማብራትና የማጥፋት ጥበብ ከገና መብራት ጋር አብሮ ተወልዷል ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና በዙሪያቸው ላለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ ነው። በዚያ አካባቢ ገና የሚታወቀው በዛፍና በአምፖል ሳይሆን፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን በሚደርሰው ማሕሌትና ቅዳሴ፣ በምእመናን እጅ በሚበራው ጧፍ፣ ቀን ደግሞ በመስክ ላይ በሚካሄደው የገና ጨዋታ ነው። ከቤት ውጭ ብዙ ሰው በአንድነት ብርሃን የሚያበራባቸው በዓላት ሌሎች ናቸው፤ እነዚህም የቡሄ፣ የዘመን መለወጫና ከሁሉም በላይ የመስቀል በዓላት ሲሆኑ፣ በተለይ በመስቀል ደመራ በየአጥቢያውና በየመንደሩ ስለሚደመር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው የአንዱ ሰፈር እሳት ከሌላው ጋር ተያይዞ ይታያል። ስለዚህ ተራርቀው ያሉ መብራቶችን በአንድ ሰዓት የማብራት ጉዳይ በዚህ አገር ታሪክ ካለው፣ የሚፈለገው ከደመራው ዘንድ ነው። ደመራው ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ክርክር አለበት፤ መቼ ይለኮስ የሚል።

በአዲስ አበባ ደመራው የሚለኮሰው መስከረም 16 ቀን አመሻሹ ላይ ነው። ጎጃምን ጨምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በብዙ ቦታ ግን ደመራው በዋዜማው ተተክሎ ያድርና መስከረም 17 ቀን ጎሕ ሲቀድ ይለኮሳል። ሁለቱም ወገኖች ለልማዳቸው ምክንያት አላቸው። የማታውን የሚደግፉት፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓል የሚጀምረው ከዋዜማው ስለሆነ የ16 ምሽት የ17 መግቢያ ነው ይላሉ፤ በዚያ ላይ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኢየሩሳሌም ያሠራው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ335 የተመረቀበት ዕለት፣ በጥንቱ የጁልዮስ አቆጣጠር መስከረም 13 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 16 ቀን ላይ ያርፋል። የንጋቱን የሚደግፉት ደግሞ ንግሥት ዕሌኒ የተቀበረውን መስቀል ለማግኘት ቁፋሮውን ያስጀመረችው መስከረም 17 ቀን እንደሆነ፣ መስቀሉም የተገኘው መጋቢት 10 ቀን እንደሆነ የሚናገረውን ትውፊት ይዘው፣ እሳቱ ከሥራው ቀን ጋር መዋል አለበት ይላሉ።

ክርክሩ የሚያስቸግረው ከሥሩ ሁለት የተለያዩ ትረካዎች ስላሉ ነው። አንደኛው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስፋት የሚነገረው ሲሆን፣ ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ በሰጣት ምክር ዕሌኒ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ ባነደደችው ጊዜ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከዚያም ወደ ምድር ተመልሶ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ አመለከተ የሚል ነው። ሁለተኛው በተለይ በሶርያ፣ ማሉላ በተባለችው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መንደር ዙሪያ የጸና ሲሆን፣ መስቀሉ በተገኘ ጊዜ ከኢየሩሳሌም እስከ ቁስጥንጥንያ በየተራራው ራስ ላይ እሳት እየተቀጣጠለ የምሥራቹ ለንጉሡ ደረሰው ይላል፤ የማሉላ ሰዎችም በዚህ ምክንያት በመስቀል በዓል በተራሮቻቸው ላይ እሳት ያነዳሉ። በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ሁለቱም ትረካዎች ዘግይተው የመጡ ናቸው። የቆስጠንጢኖስን ሕይወት የጻፈው አውሳብዮስ ዕሌኒ ወደ ኢየሩሳሌም መሄዷን ሲተርክ ስለ መስቀሉ መገኘት አያነሣም፤ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ እ.ኤ.አ. በ350 አካባቢ በሰጠው ትምህርት የመስቀሉ ዕንጨት በዓለም መሰራጨቱን ቢናገርም ዕሌኒን አይጠራም፤ ስሟ ከመስቀሉ መገኘት ጋር ተያይዞ መጀመሪያ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ395 የሚላኑ አምብሮስዮስ ባሰማው ንግግር ነው።

ሁለቱ ትረካዎች የሚጠይቁት ሰዓት ግን አንድ አይደለም። ጢስ መንገድ የሚያመለክተው ሲታይ ነው፤ ለመታየትም የቀን ብርሃን ያስፈልገዋል፤ በሌሊት ዕጣን ቢታጠንና ጢሱ ቢጎነበስ ማንም አያየውም። በአንጻሩ ከተራራ ወደ ተራራ የሚተላለፍ እሳት ኃይሉ በጨለማ ነው። ስለዚህ የጢሱን ትረካ የሚቀበል ሰው፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ወደ ንጋቱ ደመራ ያጋድላል። ንጋት ላይ እሳቱ ገና ከደብዛዛው ሰማይ ጋር እየታየ ጢሱም ከጨለማው እየተለየ ስለሚወጣ፣ የጎጃም ባላገር የጠበቀው ሰዓት ከራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ትረካ ጋር የበለጠ የሚገጥም ይመስላል። የተራራው እሳት ትረካ ደግሞ በኋለኛው ዘመን በቢዛንታይን መንግሥት በእርግጥ ይሠራበት ከነበረ የምልክት እሳት ልማድ ቀለም የቀዳ ሊሆን ይችላል።

ያ ልማድ ደግሞ ከዛሬው የገና መብራት መቆጣጠሪያ ጋር ያለው ዝምድና ከሚጠበቀው በላይ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ829 እስከ 842 በነገሠው በንጉሥ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በኪልቅያ ድንበር አጠገብ ካለው ከሉሎን ምሽግ እስከ ቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ድረስ 700 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሸፍን መስመር የምልክት እሳቶች በየተራራው ይነዱ ነበር። እሳት ግን የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ አልበራም። የሒሳብ ሊቅ ተብሎ የሚጠራው ሊዮን ይህን ችግር የፈታው፣ የኋላ ጸሐፍት እንደሚተርኩት፣ እኩል የሚሄዱ ሁለት ሰዓቶች ሠርቶ አንዱን በድንበሩ፣ ሌላውን በቤተ መንግሥቱ በማስቀመጥ ነው። ለ12ቱ ሰዓቶች 12 መልእክቶች ተመድበው፣ እሳቱ የታየበት ሰዓት የወረራን ወይም የሌላን ነገር ዜና ይናገር ነበር። መልእክቱ ያለው በነበልባሉ ውስጥ ሳይሆን አስቀድሞ በሁለቱም ዘንድ በተቀመጠው ዝርዝርና ሳይዛነፍ በሚሄደው ሰዓት ውስጥ ነበር።

የዛሬው የሽቦ አልባ መብራትም ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሠራል። በመጀመሪያው መንገድ ዋናው መሣሪያ የእያንዳንዱን አምፖል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይልካል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በገመድ ለሚታዘዙ የመድረክ መብራቶች የወጣው ዲኤምኤክስ 512 የተባለው ደንብ ለምሳሌ 512 ቻናሎችን፣ ማለትም ለየብቻ የሚታዘዙ 512 የብርሃን መጠኖችን፣ በሰከንድ እስከ 44 ጊዜ ማደስ ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የመብራቱ ቅደም ተከተል በየመቆጣጠሪያው ውስጥ አስቀድሞ ይጫንና በአየር ላይ የሚላከው የሰዓት ምልክት ብቻ ይሆናል፤ ይህ የሊዮን መንገድ ነው። እርጥብ ቅጠልና የቆርቆሮ ጣሪያ የዋይፋይን ሞገድ ስለሚያዳክሙ ወይም ስለሚያንጸባርቁ፣ በዛፍና በቆርቆሮ በተከበበ የጎጃም ግቢ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ ምልክቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ እንኳ መብራቱ ያለውን ይዞ ይቀጥላልና።

አስቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስትገኝ፣ ቡሬም በዚያው መንገድ ላይ ሆና ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለው መብራት የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ በአካባቢው ከዐባይ ጋር የተያያዘ ነው። የጢስ ዐባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተከተለ። ከዋናው መንገድ ራቅ ባሉት ቀበሌዎች የፀሐይ ኃይል መብራትም ይሠራበታል።

በእነዚህ ከተሞች በዓልን በተናበበ መብራት ለማድመቅ ለሚያስብ ባለ ሱቅ ወይም የሰበካ ጉባኤ፣ ከአምፖሉ ዋጋ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው የደመራው የጥንት ጥያቄ፣ ማለትም ሰዓቱ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የራሱ ባትሪ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ የሌለው መቆጣጠሪያ ሁሉ ከየመጀመሪያው ስለሚነሣ፣ እኩል ሲበሩ የነበሩት መብራቶች ይለያያሉ። የመሣሪያው ሰዓት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምርም፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚበራ መብራት በመሣሪያው ላይ በ18 ሰዓት መመዝገብ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚከበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁልጊዜ ጥር 7 ቀን ላይ ይውላል፤ በዚያ አቆጣጠር የተሞላ መቆጣጠሪያም ከዓመት ዓመት አይስትም። መስቀል ግን ምንጊዜም መስከረም 17 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በአውሮፓውያኑ መስከረም 27 መሆኑ ቀርቶ 28 ይሆናል፤ ለገና በትክክል የሠራው ያው መሣሪያ በ2020 ዓ.ም. የመስቀልን መብራት አንድ ቀን ቀድሞ እንዳያበራ በእጅ መታረም ይኖርበታል።