«አፍዝ አደንግዝ» እና ሂፕኖሲስ፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና መዘዙ



ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከገርጂ እስከ አያት የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። አንዲት ሴት የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ አነጋገራት፤ ወረቀት አሳያት፤ ሐብሏንና ስልኳን በገዛ እጇ አስረከበችው። ሰሚው «አፍዝ አደንግዝ አድርገውባት ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሂፕኖታይዝ አድርገዋት ነው» ብሎ ያርመዋል። የዛሬው ገለጻዬ ዓላማ ሁለቱ ስሞች አንድ ነገር አለመሆናቸውን፣ መደባለቃቸውም ተበዳዩን እንደሚጎዳ ማሳየት ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «አፍዝ አደንግዝ» ከድግምት ዓለም የመጣ አነጋገር ነው። «ፈዘዘ» እና «ደነገዘ» ከሚሉት ግሦች የወጡት ሁለቱ ቃላት የትእዛዝ መልክ አላቸው። ኀይሉ በሙሉ የደጋሚው ነው፤ የሚደገምበት ሰው ፈቃድ የለውም። ሂፕኖሲስ የሚለውን ባዕድ ቃል ስንቀበል ይህንኑ ትርጉም አልብሰን ተቀበልነው።

አውሮፓም የተነሣችው ከተመሳሳይ እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ የገባው ሐኪም ፍራንዝ አንቶን ሜስመር፣ በዐይን የማይታይ ማግኔታዊ ፈሳሽ እየመራ በሽተኞችን እንደሚፈውስ ይናገር ነበር። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ያቋቋሙት፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቯዚዬ የነበሩበት ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። ዐይናቸው ተሸፍኖ «ኀይሉ ተልኮባችኋል» የተባሉ ሰዎች ምንም ሳይደረግባቸው ተንቀጠቀጡ፤ ሳያውቁ የተላከባቸው ግን ምንም አልሆኑም። መርማሪዎቹ ምክንያቱ የታካሚው ምናብ ነው ሲሉ ደመደሙ። በዚህም የጥያቄው ማዕከል ከአድራጊው ወደ ተደራጊው ተሻገረ።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ለክስተቱ ከግሪክ እንቅልፍ ከሚለው ቃል የተወሰደ ስም ሰጠው። ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑን ሲረዳ ስሙን ሊለውጥ ቢሞክርም ስሙ ሥር ሰዶ ነበር። ዛሬ ሂፕኖሲስ የምንለው ትኩረት በአንድ ሐሳብ ላይ ተሰብስቦ ሰውየው ለጥቆማ ክፍት የሚሆንበት ሁኔታ ነው። ሰውየው ይሰማል፣ ያስባል፣ እምቢ ሊልም ይችላል። የተቀባይነቱ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1959 መለኪያ ተዘጋጅቶለታል።

ከራስ ውጭ መሆን ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ዛርን አጥንቶ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዛር ውስጥ ከልብ የሆነውና እንደ ትያትር የሚከወነው ተጠላልፈው እንደሚገኙ አሳይቷል። ባለዛሩ ግን ልማዱን ያውቃል፤ የሚጠበቅበትንም ያውቃል። ያለ ልማድና ያለ መጠበቅ፣ በአንድ ዐይን ጥቅሻ የሚመጣ መፍዘዝ አይደለም።

«ፈዝዤ ነው» የሚለው ክርክር ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1890 ፓሪስ ውስጥ በነፍስ ግድያ የተከሰሰችው ጋብሪዬል ቦምፓር ፈቃዷን በሂፕኖሲስ ተነጥቃ ነበር ተብሎ ተከራከሩላት። ከናንሲ የመጣው የሕግ ምሁር ሊዬዥዋ ክርክሩን ደገፈ፤ የፓሪስ ሐኪሞች ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ መከላከያውን ሳይቀበል 20 ዓመት ፈረደባት።

ታዲያ የመገናኛዋ ሴት ምን ሆነች? ሁለት መልሶችን መመርመር ይገባናል። አንደኛው ማታለል ነው፦ መቻኮል፣ የወደቀ ወርቅ እንካፈል ማለት፣ የማይተዋወቁ መስለው የሚተጋገዙ ሰዎች። ይህ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ሁለተኛው በምግብ ወይም በመጠጥ የተሰጠ አደንዛዥ ነገር ነው፤ ይህ በሕክምና ምርመራ ሊታወቅ ይችላል፤ ሰዓት ካለፈ ግን ከሰውነት ይወጣል።

«አፍዝ አደንግዝ» ስንል ሁለቱንም በሮች እንዘጋለን። ድግምትን የሚይዝ ፖሊስ፣ የሚመረምርም ሐኪም የለምና። ቃሉ ተበዳይዋን ከ«ሞኝ ነሽ» ወቀሳ እንደሚያድናት አውቃለሁ፤ ሰው የሚይዘውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን በሠለጠነ አታላይ መሸነፍ ሞኝነት አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሲገጥማችሁ «ምን አደረጉብሽ?» ከማለት ይልቅ «ምን አሉሽ? ስንት ነበሩ? የቀመስሽው ነገር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት፤ ሳይመሽም ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ሸኟት።