መብረቅና ማበጠሪያ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ከሽቦው ግን አንነሣም፤ ከሰማይ እንነሣ።

በሰባት ቤት ጉራጌ ያደጋችሁ የቦዠን ስም ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በጥንቱ እምነት ቦዠ የመብረቅና የነጎድጓድ አምላክ ነበር። ሌባን ይቀጣል፣ የሰውን ንብረት ይጠብቃል ይባል ነበር። ባለቤቱ በቦዠ ስም ምልክት ያደረገበትን ነገር ደፍሮ የሚነካ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ አትሳቁ። ፖሊስ በሌለበት ዘመን ንብረት ያስከበረ ሥርዓት ነው። ክፋቱ ወዲህ ነው፦ ጎጆው በመብረቅ የተቃጠለበት ሰው ከጉዳቱ በላይ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» እየተባለ ይጠረጠራል። መብረቅ ግን ሌባና ደግ ሰው አይለይም።

ታዲያ መብረቅ ምንድን ነው? በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉራችሁ ላይ ደጋግማችሁ እሹ። ከዚያ ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠጉት። ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። (በክረምት ብትሞክሩት እምብዛም አይሆንላችሁም፤ እርጥበት ያበላሸዋል።)

ምሥጢሩ ይህ ነው። ማንኛውም ነገር ከአተሞች የተሠራ ነው። በአተም ውስጥ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው ፕሮቶኖችና ኔጋቲቭ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ምንም ነገር አይታይም። ስታሹት ግን ኤሌክትሮኖች ከፀጉሩ ወደ ማበጠሪያው ይሻገራሉ፤ ማበጠሪያው ኔጋቲቭ፣ ፀጉሩ ፖዘቲቭ ይሆናል። ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ወረቀቱስ ሳይታሽ ለምን ተሳበ? ማበጠሪያው ሲቀርበው በውስጡ ያሉት ሙሎች በጥቂቱ ይዛነፋሉ፤ ፖዘቲቩ ወገን ወደ ማበጠሪያው ይጠጋል። የጥንት ግሪኮች ይህንኑ ያዩት አምበር የሚባለውን የደረቀ የዛፍ ሙጫ አሽተው ነው። አምበርን በቋንቋቸው «ኤሌክትሮን» ይሉታል፤ ስሙ ከዚያ መጣ።

ሰማይም እንዲሁ ነው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ሙል ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቩ በደመናው ታችኛ ክፍል ይከማቻል። ክምችቱ ሲበዛ አየሩን ሰንጥቆ ወደ ምድር ይወርዳል። መብረቅ ማለት ይኸው ነው። የደመናው ብልጭታና በእጅ የሚታሸው ኤሌክትሪክ አንድ መሆናቸው በሙከራ የተረጋገጠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1752 ነው፤ ሐሳቡን ያቀረበው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበር። በዓመቱ ጌዮርግ ሪችማን የተባለ ሊቅ በሴንት ፒተርስበርግ ይህንኑ ሲመረምር መብረቅ ገደለው። እሱ ምን ሰርቆ ነበር? ምንም። ብረቱ መብረቁን ወደ ቤቱ ስላስገባው ነው። እናንተም ጀፎረው ላይ ነጎድጓድ ቢደርስባችሁ ትልቁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ መብረቅ ረጅሙን ነገር መምታት ይቀናዋል።

የማበጠሪያው ሙል ባለበት የተከማቸ ነው። በሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ግን ኮረንቲ እንለዋለን። ይህን ኮረንቲ በማግኔት ማመንጨት የተቻለው እንግሊዛዊው ፋራዴይ በ1831 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኮረንቲ እንደሚፈጠር ካሳየ ወዲህ ነው። ማግኔቱን የሚያዞር ጉልበት ከተገኘ በቂ ነው፤ ወንዝም ቢሆን።

ወደ አገራችን የኤሌክትሪክ መብራት የገባው በ1890ዎቹ መግቢያ ግድም ነው፤ የበራውም በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ግን የገጠሩ የማታ ተማሪ ፊደሉን የለየው በኩራዝ ነው፤ ሬዲዮውም የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. በ184 ሜጋ ዋት ተመረቀ፤ ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. በ1,870 ሜጋ ዋት ተከተለ።

የወልቂጤ ልጆች፣ ዋቤን ታውቁታላችሁ። ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣው ዋቤ ጊቤን ተቀላቅሎ ወደ ኦሞ ይወርዳል። እዚያ ታች የጊቤ ሦስትን ተርባይን ከሚያዞረው ውኃ ውስጥ የእሱም ድርሻ አለበት።