የሞተር አየር ማስገቢያን ማሻሻል፦ ለኢታንግ መንገድ የሚበጀው የቱ ነው?

የመኪና ሞተርን ጉልበት ለመጨመር ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ቀላሉ የአየር ማስገቢያውን መለወጥ እንደሆነ ይነገራል። በአዲስ አበባ አንዳንድ አሽከርካሪዎች የፋብሪካውን የማጣሪያ ሣጥን አስወጥተው ክፍት የሆነ ሾጣጣ ማጣሪያ ያስገጥማሉ። ለሥራ ወደ ጋምቤላ ክልል የሚወርዱ ላንድክሩዘሮች ደግሞ በፊት መስተዋታቸው ጎን እስከ ጣሪያ የቆመ ጥቁር ቱቦ፣ ማለትም ስኖርክል፣ ይዘው ይታያሉ። ሁለቱም የአየር ማስገቢያ ማሻሻያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሞተሩን ብዙ አየር ለማስተንፈስ፣ ሁለተኛው ንጹሕና ደረቅ አየር ለማስተንፈስ የታሰበ ነው። እንደ ኢታንግ ባለ አካባቢ ልዩነቱ ሞተሩን እስከ ማትረፍ ወይም እስከ ማጣት ይደርሳል።

ሞተር ምን ያህል አየር ይፈልጋል?

በአገራችን የገጠር መንገዶች የተለመደው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ሲሆን ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በየደቂቃው ከ5,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው በአንድ የወረቀት ማጣሪያ ውስጥ ነው።

ለሞተሩ ዋናው ነገር ግን የአየሩ ስፋት ሳይሆን ክብደቱ ነው። አየር ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል፤ ሲሞቅም እንደዚሁ። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በጅማ፣ በበደሌና በመቱ አድርጎ፣ ጎሬን አልፎ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ግን 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ፣ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፣ አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ከምትሰጠው አየር ከ15 በመቶ በላይ ክብደት ያለው አየር ያገኛል። አንድም ብሎን ሳይፈታ ማለት ነው።

ይህ ትርፍ የሚባክነው ከኮፈኑ ሥር ነው። ሞተሩ ከውጭ በ40 ዲግሪ ሊስበው የሚችለውን አየር ከኮፈን ውስጥ በ70 ዲግሪ ቢስበው፣ የአየሩ ክብደት በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ሾጣጣው ማጣሪያ ለምን አይመከርም?

ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ በአብዛኛው የሚስበው ይህንኑ የጋለ የኮፈን አየር ነው። ድምፁ መጉላቱ ጉልበት የጨመረ ያስመስላል፤ ድምፁ የሚጎላው ግን የፋብሪካው ሣጥን ያፍነው የነበረው የመሳብ ድምፅ ስለተለቀቀ ነው። ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ባላቸው የቤንዚን ሞተሮች ላይ ሌላም ችግር አለ። ዘይት የሚቀባ የጥጥ ማጣሪያ ዘይቱ ሲበዛበት የአየር መጠን መለኪያውን ሴንሰር ያበላሻል።

ቱርቦ በሌለው የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ አየር ብቻውን ጉልበት አይሆንም። ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ነው። ተጨማሪ አየር የሚጠቅመው ሞተሩ አየር አጥሮት ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የቆሸሸውን ማጣሪያ መለወጥ ነው።

ውኃ፦ ግማሽ ሲኒ ይበቃል

ኢታንግ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ የምትገኝ ሜዳማ ምድር ናት። ባሮ ከፍ የሚለው ደጋው ላይ የዘነበው ሲደርስ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ጋምቤላ ከተማንና ኢታንግን ጨምሮ በክልሉ በርካታ አካባቢዎችን አጥለቅልቆ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተከፈቱት የኩሌና የቴርኪዲ መጠለያዎች የሚገኙትም በዚሁ ልዩ ወረዳ ነው። መድኃኒትና ሕመምተኛ የሚያመላልስ መኪና ውኃ መሐል ከቆመ ጉዳቱ በጥገና ሒሳብ ብቻ አይለካም።

ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። 1ኤችዜድን በመሰለ አየሩን ወደ 22 እጥፍ በሚያምቅ ሞተር፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ የቡና ሲኒ ውኃ ወደ አንድ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑ መውጫ ያጣና ቢየላው ይጣመማል፤ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን አካል ይበሳል።

ስኖርክል የአየሩን አፍ ከፓራፋንጎው ሥር ወደ ጣሪያ ከፍታ ያወጣል። በዚህም ሦስት ነገር ይገኛል፤ አፉ ከውኃ ይርቃል፣ አየሩ ከኮፈኑ ሙቀት ያመልጣል፣ ከጎማ የሚነሣው አቧራም ይቀንሳል። መኪናውን ግን ጀልባ አያደርገውም። የአክስልና የካምቢዮ መተንፈሻዎች እንዲሁም ዲናሞው ባሉበት ናቸው፤ ስኖርክል ስላለ ብቻ ጥልቀቱ ያልታወቀ ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም።

አቧራ፦ ቀስ ብሎ የሚገድል

ውኃ ሞተርን በአንድ ቅጽበት ሲገድል አቧራ ወራት ይፈጃል። በበጋ የጠጠር መንገዱ አቧራ በማጣሪያው ጠርዝ ወይም በላላ ማኒኮቶ በኩል ካለፈ ከዘይት ጋር ተደባልቆ እንደ ሞረድ ፋሻዎቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበላል። ውጤቱ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስና በጠዋት አልነሣ ማለት ነው።

በስኖርክሉ አናት ላይ የሚገጠም ቅድመ ማጣሪያ አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን አቧራ ከዋናው ማጣሪያ በፊት ያስቀራል። በተርታ ሲጓዙ ከፊት ካለው መኪና ርቆ መንዳትም ዋጋ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። የወረቀት ማጣሪያን ከመሬት ጋር ማጋጨት ወይም ማጠብ አይመከርም። ማራገፍ ካስፈለገ በዝቅተኛ የኮምፕረሰር ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት፤ ቀዳዳ ወይም የተጣመመ ጠርዝ ከታየ መለወጥ።

ሲገጠም ምን ይታያል?

ለጌጥ ብቻ የሚሸጡ፣ ውኃ የሚያሳልፉ ቱቦዎች ስላሉ ከገጠማ በኋላ ሥራውን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሞተሩ ያለ ነዳጅ መርገጫ በዝግታ እየሠራ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ጥብቅ አድርጎ መክደን ነው። ሞተሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከታፈነና ከጠፋ መስመሩ ድፍን ነው። መሥራቱን ከቀጠለ በሌላ ቦታ አየር ይስባል፤ አየር የገባበት ውኃም አቧራም ይገባበታል። ማኒኮቶዎቹ፣ ፋሼታዎቹ፣ ፓራፋንጎው ላይ የተበሳው ቀዳዳና ከማጣሪያ ሣጥኑ ሥር ያለው የጎማ ማፍሰሻ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ውኃ ሲያቋርጡ በከባድ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ይገባል፤ ፍጥነት የሚያስነሣው ማዕበል ውኃውን ከእውነተኛ ጥልቀቱ በላይ ያወጣዋል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋና ውኃ መሳቡ ከተጠረጠረ ደግሞ ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው። ብዙ ሞተር የሚሞተው በሁለተኛው ማስነሣት ነው። መኪናው ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ማጣሪያው ይታያል፤ እርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ ወይም የናፍጣ መርጫዎቹ ተፈትተው ውኃው እስኪወጣ ሞተሩ ይዞራል፤ ዘይቱም ይለወጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ወደ ኢታንግ የሚወርድ መኪና ባለቤት ለአየር ማስገቢያው ያሰበው ገንዘብ ካለ፣ ቅደም ተከተሉ ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ፣ የጠበቁ መገጣጠሚያዎች፣ ከዚያ ድፍን ስኖርክል ነው። ሾጣጣው ማጣሪያ ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይተካም።