ደመና ስንት ይመዝናል?

ደመና ይመዘናል እንዴ? ይመዘናል። ዝናብ የሚያዘንበውን ማለታችን አይደለም፤ በከዋክብት መካከል የተዘረጋውን፣ ኮከብ የሚወለድበትን ጥቁር ደመና ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልያም ኸርሼል በ1785 እነዚህን ጨለማ ቦታዎች የሰማይ ቀዳዳ አድርጎ አያቸው። ኤድዋርድ ባርናርድ በ1919 ባሳተመው ዝርዝር 182ቱን ሲመዘግብ ግን ብዙዎቹ ብርሃን የሚጋርዱ ነገሮች መሆናቸው እየታመነ መጥቶ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ደመናው በአብዛኛው የሃይድሮጅን ሞለኪውል ነው። እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ በ1970 ተገኘ፤ ሮበርት ዊልሰን፣ ኪት ጄፈርትስና አርኖ ፔንዚያስ በአሪዞና፣ ኪት ፒክ ላይ ባለ 11 ሜትር ቴሌስኮፕ አነጣጥረው የካርቦን ሞኖክሳይድን ሞገድ ከኦሪዮን አገኙ። አዎ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲያያዝ ሰው የሚገድለው ጋዝ!

እኛን የማረከን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ፓትሪክ ታዴየስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማንሃተን ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ላይ፣ 1.2 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ተከለ። ትልቁ እያለ ትንሹ ለምን? ትልቁ በአንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ግዙፍ ደመናን በእሱ መቃኘት ስታዲየምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ትንሹ ግን የሙሉ ጨረቃን ወርድ ሩብ የሚያህል ቦታ በአንዴ ያያል። በኋላ መንትያው ቺሊ ውስጥ ተተከለ። ሁለቱ የሰበሰቡት 488,000 ገደማ ምልከታ በ2001 የሚልኪ ዌይን ደመናዎች የሚያሳይ ካርታ ሆኖ ወጣ።

ስፋቱ ቀላል ነው፤ ሰማይ ላይ የያዘው ቦታና ርቀቱ ከታወቁ ይሰላል። ክብደቱን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የምስክሩን ድምቀት ይዞ የሃይድሮጅኑን መጠን መገመት ነው። ሁለተኛው የጋዙን ፍጥነት መለካት ነው፤ ጋዙ ወዲያ ወዲህ እየተራወጠ ደመናው ካልተበተነ፣ አንቆ የያዘው ስበት አለ ማለት ነው። ሪቻርድ ላርሰን በ1981 ደመናው በሰፋ ቁጥር ሩጫውም እንደሚጨምር አሳይቷል።

ጣጣው ርቀት ነው። በ1981 የኦሪዮን ርቀት 1,560 የብርሃን ዓመት ገደማ ተብሎ ተለካ፤ በ2007 ወደ 1,350 ወረደ። ደመናው አንዲት ቅንጣት ጋዝ ሳይጎድልበት፣ በመጀመሪያው መንገድ ሩብ ያህል ክብደቱን ወረቀት ላይ አጣ! በሁለተኛው መንገድ ግን የቀነሰው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ሚዛኖች ሲራራቁ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ ያለው ክብደት ጋዙን አንቆ ለመያዝ ይበቃል ወይስ ደመናው ኮከብ ሳይወልድ ይበተናል?