ከመቅደላ በኋላ የቀሩት

ከደላንታ ሜዳ ደቡባዊ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ከበሽሎ ማዶ መቅደላን ያያል። ታሪክ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን ወደዚያ እየጠቆምኩ «አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው የሞቱት እዚያ ነው» እላቸው ነበር። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ደወል ይደወላል፣ ልጆቹም ይወጣሉ።

አንድ ዓመት ግን ደወሉ አላዳነኝም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከተማሪዎቻችን አንዱ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ምንም አላለም። እኛ መምህራኑም ስሙን ከስም መጥሪያው ላይ ሰርዘን ዝም አልን። እድሩ ድንኳን ይተከል አይተከል እያለ ሲከራከር ቀኑ መሸ፤ እናቲቱም ደረቷን ሳትመታ፣ እንደ ሌባ ተሸማቅቃ ልጇን ቀበረች። የቴዎድሮስን ምዕራፍ የጨረስኩ ዕለት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ለእሳቸው ፍትሐት ተደረገላቸው?» አለችኝ። ክፍሉ ጭጭ አለ። «ይህ ከትምህርቱ ውጭ ነው» ብዬ አለፍኩት። እኅቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

የምናውቀውን ባጭሩ ላስታውስ። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ በትግራይና በላስታ በኩል ዋድላ ደረሰ፤ የጅጣን ገደል ወርዶ ወደ እኛው ደላንታ ወጣ። የተጠቀመበትም መንገድ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ሴባስቶፖልን ለማሳለፍ ያስጠረጉት ነበር። ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ የንጉሡ የቅርብ ሰው ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። እሑድ ፋሲካ ነበር። ንጉሡ ለናፒየር ሠራዊት ከብትና በግ ላኩ፤ ስጦታቸው ሳይወሰድ ቀረ። በማግስቱ ሰኞ ሚያዝያ 6 አምባው ሲሰበር ሞቱ። በምን እንደሞቱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

በክፍል ውስጥ ያላስተማርኩት ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። በጊዜው የነበሩ ሰዎች እንደጻፉት፣ ንጉሡ በስቅለቱ ውጊያና በሞታቸው መካከል ባሉት ቀናት አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ነበር። አጠገባቸው የነበሩ ሹማምንት ዘለው እጃቸውን ያዙ፤ ተረፉም። በእነዚያው ቀናት ስንት ዓመት ያሰሯቸውን አውሮፓውያን በነፃ ለቀቁ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የእነዚያ ሹማምንት ስም በማናችንም አፍ የለም፤ እጅ የያዘ ሰው ዘፈን አይወጣለትም። ከዚያ በኋላስ? ንጉሥን ትጥቅ የሚያስፈታ ማን አለ? አልፈርድባቸውም። በእኛ ቤት ግን ንጉሥ የለም፤ የሰብል መድኃኒቱን ሣጥን መቆለፍ፣ ቁልፉንም ጎረቤት ዘንድ ማኖር እንችላለን። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ ከከለከለች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በሃያ ዓመት ውስጥ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ብዙ ሰው ያን ክፉ ሰዓት ካለፈ ዳግመኛ አይሞክረውም።

ሌላም አለ። መጽሐፎቻችን የንጉሡን ሞት በአንድ ቃል ይዘጉታል፤ ክብር። ነገር ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የሚወዷት ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች ሞተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ጆን ቤል በተከታታይ ተገድለዋል። ከእነዚህ ሞቶች በኋላ ቁጣቸው እየባሰ መሄዱን ብዙዎች ጽፈዋል፤ ወሎ ላይ የወረደውንም የእኛ አገር ሰው አልረሳም። ሐኪም አይደለሁም፤ ከ150 ዓመት በላይ ያለፈውን ሰው በሽታ ልፈልግለት አልነሳም። የምለው አንድ ምክንያት ብቻውን ሰውን ለዚያ እንደማያበቃ ነው። ያ ተማሪያችን የሞተ ጊዜ «በፈተና ወድቆ ነው» ተብሎ ተዘጋ። እኛም አምነን ተኛን።

ከመቅደላ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አሉ። እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ታመው ነበርና ወር እንደሆናቸው ትግራይ ውስጥ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በወር ውስጥ አባቱንም እናቱንም ካጣ በኋላ ባሕር ተሻገረ። በሌሊት ስለሚፈራ ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ አጠገብ ይተኛ እንደነበር ተጽፏል። በኋላ ከስፒዲም ለዩት። ቼልተንሃም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ የትም አልቀናውም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ዊንዘር ነው። አፅሙ ይመለስልን ብለን ስንጠይቅ የምንጠይቀው ስለ ቅርስ ይመስለናል። እኔ ግን ያ ልጅ አባቱ ራሱን ያጠፋ ተማሪ ሆኖ ይታየኛል፤ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት ተሟልቶለት ሐዘኑን የሚካፈል ዘመድ ያጣ ተማሪ። እንዲህ ያለ ልጅ በየትምህርት ቤታችን አለ፤ ወንድሟን ያጣችም አለች።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። አፄ ቴዎድሮስ የተቀበሩት በመቅደላ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አፅማቸውም በኋላ ወደ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወስዷል። ለንጉሥ የተከፈተ ደጅ ለድሃ ልጅ ለምን ይዘጋል? ይህን የምለው ካህናቱን ለመውቀስ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ የሚለው አለና ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለዚሁ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ሰውየው አእምሮው ታውኮ እንደሆነ ካህኑ በጥንቃቄ ይመርምር ብለዋል፤ ከሆነ መሥዋዕቱ አይቀርበትም። እንግዲያስ ምርመራው የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። የሟቹን እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ብቻውን ማውራት የምታውቀው ደግሞ ጎረቤት ናት። ያን ጊዜ ከእኛ አንዳችን ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደን ብንነግር ኖሮ ነገሩ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር።

ቅድም ያቆየሁትን ምክንያት ልናገር። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ጋዜጦች በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን ታሪክ በትልቅ ርዕስና በዝርዝር ያወጡ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች መከሯቸውና አጻጻፋቸውን ቀየሩ፤ በዚያ ባቡር የሚደርሰው ሞትና ሙከራ በዚያው ዓመት በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ወደቀ። አኳኋኑን መዘርዘርና ማሞገስ በሐዘን ውስጥ ያለን ልጅ መንገድ ያሳያል። ዝምታም ቢሆን አያድንም፤ ዝም ባልንበት ሳምንት ልጆቹ በየጥጉ ያንኑ ዝርዝር እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ነበር። በጋዜጣ ሳይሆን በወሬ መጣባቸው።

ችግሩ የከተማ ነው የምትሉ አላችሁ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 3.2 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት እንደሞከሩ ተናግረዋል። አብዛኛው ገጠር ነው። ሰዎቹም ሲጠየቁ መልሰዋል! መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ሸክሙን ያቀላል። ሞክሮ የተረፈን ሰው «ፖሊስ ይይዘዋል» ብለን የምንደብቀውም ከንቱ ነው፤ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋውን ወይም የረዳውን እንጂ የሞከረውን አይደለም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ብቻውን አይሁን።

ማኅበራችን በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤት ጋር የጀመረው ምክክር ከዚህ የተነሳ ነው። ለረጂዎቻችንም እንዲገባ ልንገር፦ የሚፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚከብደው አስቀድሞ መስማማቱ ነው። ክፉ ነገር ሲደርስ ለልጆቹ የሚነግራቸው በሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በየክፍሉ የሚያውቁት መምህር ይሁን፤ የሚናገረው እውነቱን ይሁን፣ አኳኋኑን ግን አይዘርዝር። በዚያው ዕለት ሁለት እናቶች ለቅሶ ቤት ይግቡ። የሟች ጓደኞች፣ የወንበር ተጋሪው፣ የተጣላችው ልጅ፣ በስም ይታወቁና እስከ አርባው ብቻ ሳይሆን እስከ ሙት ዓመቱ የሚጠይቃቸው ሰው ይመደብላቸው። ለእድሩ ደግሞ አንድ ነገር ለምነናል፤ ድንኳኑን ለማንም ሟች በሚተክልበት ሰዓት ይትከል። ሁለት ስብሰባ ጨርሰን ገና አልተስማማንም። አንድ አዛውንት «ይህ ሲፈቀድ ይበረታታል» ብለዋል። ስጋታቸውን አልናቅሁትም፤ ከቄሰ ገበዙ ጋር እንደገና እንቀመጣለን።

በሚያዝያ ወር የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ስለ መቅደላ እንዳወራቸው ተጠይቄያለሁ። በዓለማየሁ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ያን ሌሊት አጠገቡ ማን እንደተኛ፣ ከዚያም ማን እንደተለየው። ጥያቄ ካላቸውም ደወል ቢደወል አልወጣም።