ኤሲና ሂተር በአንድ ጋቢና፦ የተረሳችው ቫልቭ ታሪክ

ሚሌን አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርድ ሹፌር ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቶም ላቡን ሲጠርግ ማየት የተለመደ ነው። ጋራዥ ሲገባ የሚሰማው መልስም አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል፣ እንሙላው።» ጋዝ ይሞላል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ በሚቀጥለው ምልልስ ግን ያው ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ በእርግጥም ጋዙ ወይም ኮምፕረሰሩ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ኤሲው ሥራውን በደንብ እየሠራ፣ ከጎኑ ያለው ሂተር ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ እያሞቀው ነው። አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይተረትራል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ የሚገኘው በመኪና ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማሞቂያ፣ በኋላ ማቀዝቀዣ

መኪና የተወለደው በብርድ አገር ነው። ስለዚህ የሠሪዎቹ የመጀመሪያ ጭንቀት ሹፌሩ በበረዶ እንዳይደርቅ ነበር። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙው ክፍል ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ከፊሉን ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ውሃ ጥቂቱን በጎማ ቱቦ ወደ መኪናው ውስጥ ጠልፎ፣ በትንሽ ራዲያተር ውስጥ አሳልፎ፣ በቬንትሌተር ማራገብ ተስፋፋ። በ1938 ናሽ የተባለው ኩባንያ ኋላ ላይ «ዌዘር አይ» ተብሎ የተሰየመውን ማሞቂያ አወጣ። ከውጭ የሚገባውን አየር አጣርቶና አሙቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ሂተር የዚህ ዘር ነው።

በእነዚያ የድሮ ሂተሮች ቱቦ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ መዝጊያ ትገጠም ነበር። ክረምታቸው ሲያልፍ ሹፌሩ ኮፋኖ ከፍቶ ይዘጋታል፤ ብርዱ ሲመለስ ይከፍታታል። ኋላ ላይ በሽቦ ተስባ ከዳሽቦርዱ ላይ የምትታዘዝ ሆነች። የጽሑፋችን ባለታሪክ ይህች መዝጊያ ናት።

ማቀዝቀዣው የመጣው ዘግይቶ ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ለሰው ሳይሆን ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት ነበር፤ እርጥበቱ ወረቀቱን እያበላሸ አስቸግሮ ስለነበር ነው። ወደ መኪና የመጣው ፓካርድ ለ1940 ሞዴሉ ባዘጋጀው ማቀዝቀዣ ሲሆን፣ በ1939 መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ዕቃው ከኋላ ያለውን የሻንጣ ቦታ ግማሽ ያህል ይይዝ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ኮምፕረሰሩን ማጥፊያ አልነበረውም። ብርድ ሲሰማህ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ኮፋኖ ከፍተህ፣ ችንጋውን ማውለቅ ነው። በ1941 ሥራው ቀረ።

በ1954 ናሽ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አዋህዶ ከፊት ለፊት በኩል አስቀመጣቸው። ዋጋው ረከሰ፣ ቦታ ቆጠበ፣ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ እሳትና በረዶ በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

ቫልቯ ለምን ቀረች?

በድሮው አሠራር ሙቀቱ የሚስተካከለው በውሃው መጠን ነበር። ቫልቯን ትንሽ ብትከፍታት ትንሽ ትሞቃለህ፣ ብዙ ብትከፍታት ብዙ። ግን ሞተሩ ሲፈጥንና ሲቀዘቅዝ የውሃው ግፊት ስለሚለዋወጥ ሙቀቱም ይዋዥቃል። በዚያ ላይ ቫልቯ በጊዜ ብዛት ታንጠባጥባለች።

ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ውሃው በሂተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ ይዞራል። ሙቀቱን የሚወስነው በሣጥኑ ውስጥ ያለ ትንሽ መዝጊያ በር ነው። አየሩን በሂተሩ በኩል ወይም ከሂተሩ ውጪ ያሳልፈዋል፣ ወይም ሁለቱን ይቀላቅላል። ቶሎ ይታዘዛል፣ ሙቀቱ አይዋዥቅም። መስተዋት በጉም ሲሸፈንም ኤሲው እርጥበቱን አድርቆ፣ ሂተሩ አሙቆ፣ ቶሎ ያጠራዋል። ለብርድና ለለዘብተኛ አየር ጥሩ ሥራ ነው። ሁሉም ግን ቫልቯን አልተዋትም፤ በአገራችን ገጠር መንገድ የምናውቃቸው ላንድክሩዘር 70 እና 80 የሂተር ቫልቭ አላቸው።

ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሲያረጅና አገሩ ሲሞቅ ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ ይረግፋል። ሽቦው ይላላል፣ በሩም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በሩ በደንብ ቢዘጋ እንኳ 85 ወይም 90 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የያዘ ዕቃ ከቀዝቃዛው አየር መተላለፊያ አጠገብ ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም። አፋር በረሃ ላይ ግን ኤሲው የውጩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የራሱን መኪና ሂተርም ሲታገል ይውላል።

የእኛ መንገድ

የአሰብን መንገድ የሚያስታውሱ አባቶች ይህን ሙቀት ያውቁታል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ የዘረጉት መንገድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የገቢና የወጪ ዕቃ ዋና መስመር ሆነ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው መኪና መጀመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በርን ብርድ ያልፋል፤ ከዚያ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል። በዚያ ዘመን የመንገዱ ንጉሥ ፊያት 682 «ኤንትሬ» ነበር። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል የተቀመጠ ነው። ኤሲ የሚባል ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ መስኮት መክፈት፣ በሌሊት መንዳት፣ የውሃ ጀሪካን አለመርሳት ነበር።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። መንገዱ ተቀየረ እንጂ ጠባዩ አልተቀየረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በበጋዋ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አንድ ሹፌር በአንድ ጉዞ ካፖርትም ኤሲም ያስፈልገዋል። የአውሮፓና የቻይና መኪኖች ሲመጡ ጋቢናው ተዘጋ፣ ኤሲው ገባ፣ መስኮት ከፍቶ መሄድ ቀረ። ሂተሩ ግን እንደ ድሮው ከውስጥ እየነደደ ነው።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙቀት ያደከመው ሰው ቶሎ ያንቀላፋል፣ ፍሬን ለመያዝም ይዘገያል። ዕቃችሁን የሚያመጣው ሰው፣ ማታ ልጆቹ የሚጠብቁት አባት፣ ተሳቢ እየጎተተ በረሃ የሚያቋርጠው ይኸው ሰው ነው።

ቫልቯን መመለስ

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም፤ የ1930ዎቹን መዝጊያ መልሶ መግጠም ነው። ከሞተር ወደ ሂተር የሚሄደው ቱቦ ላይ ቫልቭ ይገባል፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ይዘጋል፣ ወደ ደጋ ሲወጣ ይከፈታል። ነገር ግን እንዲሁ ዘሎ አይገባበትም።

መጀመሪያ ጥፋቱ እዚያ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲው በርቶ፣ የሙቀት ማስተካከያው ቀዝቃዛ ላይ እያለ፣ ከኤሲ ቀዳዳ የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ፤ ወደ ሂተር የሚገባውን ቱቦ ጎማውን በማይቆርጥ ማጣበቂያ ቆንጥጣችሁ ዝጉ፤ ሞተሩን መልሳችሁ አሙቁና በዚያው ሰዓት ገደማ፣ በዚያው ቦታ እንደገና ለኩ። አየሩ በግልጽ ከቀዘቀዘ ቫልቯ ትጠቅማችኋለች። ልዩነት ከሌለ ገንዘባችሁን ኮንደንሰሩን ለማጽዳት ወይም የጋዙን መፍሰሻ ለማስፈለግ አውሉት።

ሁለተኛ፣ የሞተሩን አሠራር እወቁ። በአንዳንድ ሞተሮች የሂተሩ መስመር ለውሃው ዝውውር ራሱ አስፈላጊ ነው፤ ቢዘጋ አንዱ የሞተር ክፍል ሊሞቅ ይችላል። ለእነዚህ ባለ አራት አፍ ቫልቭ ይገጠማል፤ ሂተሩን ሲዘጋ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። የትኛው እንደሚሆን የመኪናውን መመሪያ ወይም ያንን ሞተር በደንብ የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የቤት ውኃ ቧንቧ ለዚህ አይሆንም። ሙቀቱንና ግፊቱን፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽም የሚችል ለመኪና የተሠራ ቫልቭ ግዙ። ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ቫልቯንም ሂተሩንም ይዘጋዋል። ቫልቯን በየጊዜው ከፈት ዘጋ ካላደረጋችኋት ትነክሳለች።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። ሂተር የሞተሩ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀይ መስመር ሲነካ፣ የቆየ ሹፌር ኤሲውን አጥፍቶ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ጋቢናው እሳት ይሆናል፣ ሞተሩ ግን እፎይ ይላል። ቫልቯን የዘጋ ሰው ይህን መውጫ በራሱ ላይ ዘግቷል ማለት ነው። እንዲሁም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መስተዋት የሚያጠራው ሞቃት አየር ነው። ቫልቯ እንደተዘጋች ረስቶ የወጣ ሹፌር መንገዱን ማየት ሊቸገር ይችላል።

ስለዚህ ከተቻለ ከጋቢና ውስጥ የምትታዘዝ ቫልቭ ይሻላል። ኮፋኖ ሥር ወይም ጋቢና ተነሥቶ ብቻ የምትገኝ ከሆነ ግን፣ መዝጊያዋ የት እንዳለች ረዳቱም፣ ተቀያሪው ሹፌርም፣ መኪናውን የሚገዛው ሰውም ይወቅ። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከሙቀት መለኪያው ጎን፣ በጉልህ ጽፋችሁ ለጥፉ፦ «የሂተር ቫልቭ ተገጥሟል። ሞተር ከሞቀ፣ መስተዋት በጉም ከተሸፈነ፣ ክፈት።»

መኪናውን የሠሩት ሰዎች ክረምታቸውን አውቀው ሠሩት። ቆላውን የምናውቀው እኛ ነን። እነሱ የተዉትን ለእኛ መንገድ መልሰን መግጠም እንችላለን፤ ለምን እንደተዉትና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ካወቅን።