ክረምት ሲገባ ቁጥሩን ማን ያነባል?

«ክረምት» ስትባሉ ምን ይታያችኋል? ለደብረ ማርቆስ ልጅ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። ለብዙ አሜሪካውያን ግን በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ሉዊስና ክላርክ የተባሉ አሜሪካውያን አሳሾች ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ብርዱ ደረሰባቸው፤ በማንዳን ሕዝብ መንደሮች አጠገብ የእንጨት ምሽግ ሠርተው እዚያው ከረሙ። ውሏቸው አደን፣ እንጨት ቆረጣና ብረት ቅጥቀጣ ነበር። የሠሩትን መጥረቢያ በበቆሎ ይለውጡ ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ፀሐይ ስትወጣና በእኛ 10 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር አንብበው ይመዘግባሉ።

ታዲያ ይሄ ከጎጃም ጋር ምን አገናኘው?

እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ አጠኑ። አፈሩን፣ ዓለቱንና ውሃውን መርምረው በ1964 ባወጡት ሪፖርት በዓባይ ላይ አራት ትልልቅ ግድቦችን ሐሳብ አቀረቡ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንደያና በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለው። የዛሬው ሕዳሴ ግድብም በዚያው በጠረፉ አካባቢ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ችግር አለ። ለድንኳንና ለእግር ጉዞ የሚመቸው በጋ ነው፤ ከዓባይ ዓመታዊ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ግን በክረምት ነው። በበጋ ብቻ ሰፍሮ የሄደ አጥኚ ዓባይን በደንብ አላየውም ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚያርፈው በወንዙ ዳር በሚኖር ሰው ላይ ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ በድልድዩ አካባቢ የውሃ መለኪያ ጣቢያ አለ። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። አንባቢው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ሄዶ ውሃው የደረሰበትን ይጽፋል። መሐንዲሱ ደግሞ አልፎ አልፎ የውሃውን ፍጥነት ይለካል። ለምሳሌ ወንዙ 100 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 5 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና በሰከንድ 2 ሜትር ቢፈስ፣ በየሰከንዱ 1000 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል። ይህን ከሰሌዳው ቁጥር ጋር ካዛመደ በኋላ የአንባቢው ቁጥር ብቻ ይበቃዋል።

አሁን አስቡት፦ ዝናቡ ሲበረታ አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ የትናንቱን ቁጥር ቢገለብጥስ? ምናልባት የዓመቱ ትልቁ ጎርፍ የዚያን ቀን አልፏል። መዝገቡ ላይ ከሌለ፣ የግድቡ ማፍሰሻ ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ይነደፋል።

እኔ በኮምፒውተሬ የምከፍተው እያንዳንዱ የድሮ ቁጥር፣ አንድ ሰው በጭቃ ወርዶ ያመጣው ነው።